ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከሰፈር መናፈሻ ማየት ይበቃልን?

ጥያቄ፦ የጅዳዋ እናት

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ እኛ በምንኖርበት በጅዳ ላይ እንደሚያልፍ ካወቅን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። ባለቤቴ ግርዶሹ ከሁሉም በላይ የሚረዝመው ግብፅ ውስጥ በሉክሶር አካባቢ ስለ ሆነ ከአሁኑ ገንዘብ ቆጥበን ወደዚያ እንሂድ ይላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የሚሞላት ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ይዤ በነሐሴ ዋዜማ በረሓ ለበረሓ መንከራተቱ አይታየኝም፤ ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ የማያስኬድ፣ ጥቂት የኒም ዛፎችና የሕፃናት መጫወቻ ያለው መናፈሻ ስላለን እዚያው ምንጣፍ አንጥፈን ብናየው ምን እናጣለን እላለሁ።

እናቴ ከደሴ ደውላ ስትሰማ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣች፤ ልጆቹ ፀሐይዋ እስክትመለስ ድረስ መጋረጃው ተጋርዶ ከቤት እንዳይወጡ አደራ ብላኛለች። ከዚህ በፊት ሙሉ ግርዶሽ ያያችሁ፣ በተለይም ሩቅ ሳትሄዱ ከሰፈራችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ መናፈሻ መምረጤ ትክክል መሆኑንና የልጆቹን ዓይን እንዴት መጠበቅ እንዳለብኝ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የዳላስ ነዋሪ

እህቴ፤ እኔ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኤፕሪል 8 ቀን 2024) በዳላስ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ከሚገኘው የሰፈር መናፈሻ ሆኜ ሙሉ ግርዶሽ አይቻለሁና የባለቤትዎን ጉጉት ባከብርም ፍርዴ ከእርስዎ ጋር ነው። ዳላስ በአውሮፓውያኑ 1878 ካየችው በኋላ ሙሉ ግርዶሽ ደርሶባት አያውቅም ነበር፤ የሚቀጥለውም በ2317 ስለ ሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ያውቅ ነበር። ለቀናት የተነገረው የአየር ትንበያ ደመና ይኖራል የሚል ስለ ነበር አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላ ግዛት ነዱ። እኛ ግን ሥራም ትምህርትም ስለ ያዘን ከሰፈራችን አልወጣንም፤ ጠዋት ግራጫ የነበረው ሰማይ እኩለ ቀን ላይ እየሳሳ ሄዶ በሚያስፈልገን ሰዓት ፀሐይዋን አሳየን።

ጨረቃ ፀሐይን መንካት የጀመረችው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ገደማ ሲሆን ሙሉው ግርዶሽ የመጣው 7 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ለልጆች አሰልቺ መሆኑን ከአሁኑ ይወቁት፤ የግርዶሽ መነጽር አድርጎ ሲያዩ ከጎኗ የተገመጠች ፀሐይ ትታያለች፣ መነጽሩን አውልቆ ዙሪያውን ሲያዩ ግን ቀኑ እንዳለ ቀን ነው። መናፈሻ የሚበልጠው በዚህ ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው፣ ዛፍ ሥር ደግሞ በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ ወደ ትንንሽ ማጭድ ይለወጣል። አንዲት ጎረቤታችን የፓስታ ማጥለያ ከወጥ ቤት አምጥታ በነጭ ካርቶን ላይ ስትይዘው በየቀዳዳው አንድ አንድ ማጭድ ስለ ወጣ፣ የሰፈሩ ልጆች ሰማዩን ረስተው እሱን ሲሻሙ ቆዩ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ግን የተለዩ ናቸው። ብርሃኑ እንደ ምሽቱ ወርቃማ ሳይሆን የብረት መልክ ያለው፣ ጥላው ሹል የሆነ፣ የደከመ ብርሃን ይሆናል፤ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ወፎች ወደ ዛፎቻቸው ይሰበሰባሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ጨለመ። በፀሐይዋ ቦታ ጥቁር ክብ፣ በዙሪያውም ኮሮና የሚባለው ነጭ የፀሐይ ከባቢ ተዘርግቶ ታየ፤ ከጥቁሩ ክብ በታች በኩል ሮዝ ነበልባል በባዶ ዓይን ይለይ ነበር፤ ቬኑስ በአንድ ወገን፣ ጁፒተር በሌላው ወገን ደምቀው ወጡ። አድማሱ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን የማታ ወጋገን መሰለ። አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በጠርዙ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ፈነጠቀችና ቀኑ ተመለሰ። ዕለቱ የረመዳን 29ኛ ቀን ስለ ነበር ሙስሊም ወገኖቻችን የግርዶሽ ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ተቀላቀሉን፤ እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ስለ ነበርን በዚያ ሰዓት በመናፈሻው ሳንድዊች ሲበሉ የነበሩት ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ብቻ ነበሩ።

ስለ ርዝመቱ የምነግርዎት ይህን ነው። ከዳላስ በስተ ደቡብ ያለችው ኤኒስ የተባለች ትንሽ ከተማ የጨረቃ ጥላ በሚያልፍበት መንገድ መካከለኛ መሥመር ላይ ስለ ነበረች ግርዶሹ ከእኛ በግማሽ ደቂቃ ያህል ረዝሞላታል፤ ለዚያ ግማሽ ደቂቃ ብለው የሄዱ ወዳጆቼ ሲመለሱ ለሰዓታት መንገድ ላይ ተቀርቅረዋል። በአንጻሩ በስተ ምዕራብ ፎርት ወርዝ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነበር ያገኘችው፤ እንዲያም ሆኖ እዚያ ያየው ሰው ያየው ያው ግርዶሽ ነው። ትልቁ ጥያቄ ከሙሉው ግርዶሽ መሥመር ውስጥ ነዎት ወይስ ውጭ የሚለው ነው፤ ከውስጥ ከሆኑ የቀረው የደቂቃ ጉዳይ ነው።

አንድ የመናፈሻ ጉድለት ልንገርዎ። የመብራት ምሰሶዎቹ ሲጨልም በራሳቸው የሚበሩ ዓይነት ከሆኑ በዚያች ውድ ሰዓት ቦግ ይሉብዎታል። እኛ ዘንድ እንደዚያ ሆኗልና ምንጣፍዎን ከምሰሶ ርቀው ያንጥፉ።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ከላይ በተጻፈው ላይ ስለ ጅዳ ብቻ ጥቂት ልጨምር። የ2019ኙ ግርዶሽ በሉክሶር አቅራቢያ እስከ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይቆያል፤ ይህን የሚያህል ርዝመት ያለው ሌላ ግርዶሽ በአውሮፓውያኑ እስከ 2114 ድረስ አይመጣም። ጅዳ ደግሞ ለመካከለኛው መሥመር ቅርብ ስለ ሆነች ስድስት ደቂቃ ገደማ ታገኛለች። የባለቤትዎ ጉዞ የሚጨምርላችሁ እንግዲህ በሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ዳላስ ካየችው ጋር ሲወዳደር ሰፈራችሁ ሆናችሁ የምታዩት አንድ ጊዜ ተኩል የሚረዝም ነውና ለሉክሶር የሚቆጠበው ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

እንዲህ የረዘመበት ምክንያት ሦስት ነገሮች መገጣጠማቸው ነው። ፀሐይ ከጨረቃ በስፋት 400 ጊዜ ያህል ብትበልጥም ርቀቷም 400 ጊዜ ያህል ስለሆነ ሁለቱ በሰማይ ላይ የተቀራረበ መጠን አላቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ርቀቶች ስለሚለዋወጡ አንዳንድ ጊዜ ጨረቃ ተርፋ ትሸፍናለች፣ አንዳንድ ጊዜም ሳትበቃ ትቀራለች። መሬት ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ግድም ስለ ሆነ በሐምሌ ፀሐይ በመጠኑ አንሳ ትታያለች። በዚያ ቀን ጨረቃ በአንጻሩ ለመሬት ቀርባ ስለምትገኝ ሰፍታ ትታያለች። ሦስተኛው፣ ጥላው ለምድር ወገብ በቀረበ ስፍራ ሲያልፍ መሬት ራሷ በዚያው አቅጣጫ ፈጥና ስለምትሽከረከር ጥላው ቶሎ አይቀድማትም።

ጨረቃ ሳትበቃ ስትቀር ምን እንደሚመስል በአገራችን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. አይተነዋል። ያን ጊዜ ላሊበላ ነበርሁ፤ በማለዳ ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና ዙሪያዋን ቀለበት አስቀረች። ድንቅ ነበር፤ ነገር ግን ቀለበቱ ራሱ ፀሐይ ስለ ሆነ መነጽሩ ከዓይን ሳይወርድ የሚታይ ነው፣ ኮሮናም አይገለጥም፣ ሰማዩም አይጨልምም። ስለዚህ የላሊበላውን ያየ ሰው ሙሉ ግርዶሽ አይቻለሁ ብሎ የጅዳውን እንዳይንቅ እመክራለሁ። ሐምሌ 26 ቀን በኢትዮጵያ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ክረምቱ መካከል ስለሚውል ደመናው ካልፈቀደ አይታይም። ዘመድ አዝማድ ጅዳ ያለው ሰው ግብዣ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልስ፦ የባሕር ዳርቻ ሰው

እኔም የጅዳ ነዋሪ ነኝ፤ ነገር ግን ከመናፈሻው ጋር አልስማማም። ጥላው በጅዳ ላይ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ነው፤ ፍጥነቱም ከድምፅ ይበልጣል። ኮርኒሹ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ቆሞ ባሕሩን የሚያይ ሰው፣ አየሩ ጥርት ካለለት፣ ከሩቅ የውሃው መልክ ሲጠቁርና ጨለማው ወደ እሱ ሲገሰግስ ሊያይ ይችላል። በሕንፃና በዛፍ የተከበበ መናፈሻ ይህን ያሳጣል፤ በአራቱም ማዕዘን የሚታየውን የአድማስ ወጋገንም እንዲሁ።

ሌላው ሙቀቱ ነው። የዳላሱ ወንድማችን የጻፉት የመጋቢትን አየር ነው፤ እኛ ዘንድ ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተደርቦ ነው የሚጠብቀን። በዚህ ከተማ ሰው ወደ መናፈሻ የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆኑን እህታችን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከፊሉ ግርዶሽ ከሙሉው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቀድሞ ስለሚጀምር ሕፃን ይዞ ያን ሁሉ ጊዜ ሜዳ ላይ መቀመጥ አይገባም። ቤታችሁ ቅርብ መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ላይ ስለ ሆነ ኮርኒሽ መሄድ ካልቻላችሁ የመጨረሻዋ ሃያ ደቂቃ ስትቀር ብቻ ውጡ። ደግሞም ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከአናት ብዙ ያልራቀች ስለ ሆነች ቆሞ ማንጋጠጥ አንገት ያሳምማል፤ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ላይ በጀርባ መተኛት ይሻላል።

መልስ፦ የዓይን ሕክምና ነርስ

ስለ ዓይን ጥንቃቄ የተጠየቀውን እመልሳለሁ። የዓይናችን የኋላ መጋረጃ፣ ሬቲና የሚባለው፣ የሕመም ስሜት የለውም፤ ስለዚህ ልጅ በከፊል የተሸፈነችን ፀሐይ ትኩር ብሎ ሲያይ ሳያቃጥለው ይጎዳል፣ ጉዳቱም የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ መካከለኛው እይታ ሲደበዝዝ ነው። በአገራችን ሰዎች ሲጠቀሙባቸው የማውቃቸው ዘዴዎች፣ ማለትም የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ ብርጭቆ፣ ሲዲ፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ የፀሐይዋን ምስል ማየትና ተራ የፀሐይ መነጽር፣ አንዳቸውም አይከላከሉም። የሚያስፈልገው አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን መስፈርት የሚያሟላ የግርዶሽ መነጽር ነው። ጽሑፉ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ ከታመነ ሻጭ ይግዙ፤ ቤት ውስጥ አድርገውት ዙሪያውን ሲያዩ ተራ አምፖል እንኳ የሚያሳይ ከሆነ ይጣሉት፤ የተጫረ ወይም የተቀደደም እንዲሁ። ብየዳ ቤት የሚሠራ ዘመድ ካለዎት ቁጥር 14 የሆነው የብየዳ መስተዋት ይሠራል፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያለውን ግን ልጅ እጅ አያስገቡ።

መነጽሩ የሚወልቀው ፀሐይዋ ፈጽማ ስትሸፈን ብቻ ነው። ከመቶ አንድ እጅ የቀረች ፀሐይ እንኳ ከኮሮናው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ የበለጠ ብርሃን ስላላት «ሊሞላ ነው» ተብሎ ቀድሞ አይወለቅም። መነጽር ያደረገ ሰው ምንም ብርሃን ማየት ሲያቅተው ያን ጊዜ ያወልቃል፤ በጠርዙ የመጀመሪያዋ የብርሃን ነጥብ እንደ ታየች መልሶ ያደርጋል። በእናንተ ዘንድ ስድስት ደቂቃ ገደማ ስላለ ልጅቷ መነጽሯን ጥላ እንዳትዘነጋ አንድ ትልቅ ሰው ሰዓት ይያዝና አምስተኛው ደቂቃ ላይ ያስታውስ። በካሜራ፣ በመነጽረ ሩቅ ወይም በቴሌስኮፕ ውስጥ ግን የወረቀት መነጽር አድርጎ ማየት ፈጽሞ አይገባም፤ ሌንሱ ብርሃኑን አጠራቅሞ መነጽሩን ያቃጥለዋል። ለእነዚህ ማጣሪያው የሚገጠመው ከፊት፣ በፀሐይዋ በኩል ነው።

እናትዎን በተመለከተ፣ ልጆቹን ደብቂ ማለታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ አሳሳቢው የፀሐይዋ ብርሃን እንጂ ጨለማው እንዳልሆነ ቢያስረዷቸው ይግባባሉ። በግርዶሽ ሰዓት ከፀሐይ የሚወጣ አዲስ ጨረር የለም። መነጽር አድርጎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ ግን የእናትዎ ምክር ግማሹ ትክክል ነው።

መልስ፦ ከመካ

እኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ስለ ሆንሁ ሰኞ ቀን መናፈሻ መሄድ አልችልም፤ መካም ከአምስት ደቂቃ በላይ ሙሉ ግርዶሽ ታያለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ከምሠራበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኜ ባየው ከመናፈሻ የማገኘውን ያህል አገኛለሁን? ማዳሜን አስፈቅጄ መውጣት የምችለው ለአጭር ጊዜ ነው።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

እህቴ፤ ጣሪያው ከመናፈሻው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ሰማዩ ገላጣ ነው፣ የመንገድ መብራትም ከታች ይቀራል፣ የባሕር ዳርቻው ሰው የናፈቁት አድማስም ሕንፃው ከፍ ካለ ይታይዎታል። ጊዜዎ አጭር ከሆነ ከፊሉን ግርዶሽ ይተዉትና ሙሉው ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይውጡ። ማዳምዎን ከወዲሁ ቢነግሯቸውና ለእሳቸውም አንድ መነጽር ቢያዘጋጁ ፈቃዱ የሚቀል ይመስለኛል፤ በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው በከተማው ውስጥ ብዙ አይኖርም። ጣሪያው መከለያ የሌለው ከሆነ ግን ቀድመው ከጠርዙ ርቀው ይቀመጡ፤ ጨለማው ድንገተኛ ነው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ወደ ላይ እያየ ይራመዳል።

ጠያቂዋ፦ የጅዳዋ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የመምህሩን መልስ ሲያነብ ከሉክሶር ወደ ኮርኒሽ ወርዷል፤ እኔ ግን የልጁ ነገር አሁንም መናፈሻው ላይ አቁሞኛል፤ የባሕሩን መንገድ መጨናነቅም እፈራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ነርሷ እንዳሉት ትንሹ ልጄ መነጽር ፊቱ ላይ አያስቀምጥም፤ እሱን ቤት ትቼ አንዳችን ከእሱ ጋር ብንቀር ያው አንዳችን ሳናይ መቅረታችን ነው። የዳላሱ ወንድማችን ሕፃን ይዘው ከነበረ እንዴት አደረጉ?

መልስ፦ የዳላስ ነዋሪ

የእኛ ሦስተኛዋ ያን ጊዜ የእርስዎን ልጅ ዕድሜ ነበረች። ከፊሉ ግርዶሽ በነበረበት ሰዓት ሁሉ ባለ ጥላ ጋሪዋ ውስጥ ፊቷ ከፀሐይ ዞሮ፣ ዛፍ ሥር፣ አሻንጉሊቷን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔና ባለቤቴም እየተፈራረቅን ከአጠገቧ ሆነን በመነጽር እናይ ነበር። እንዲህ ያለ ሕፃን በራሱ ፈቃድ ፀሐይን ትኩር ብሎ አያይም፤ የሚያየው እኛ ጣታችንን ስንቀስርለት ነውና ታላቋ ልጅዎ «እይ፣ እይ» እንዳትለው አስቀድመው ይንገሯት። ፀሐይዋ ፈጽማ ስትሸፈን አንሥቼ አቀፍኋት፤ በባዶ ዓይኗ አየች፣ አላለቀሰችም፣ ወዲያውም ሰማዩን ትታ የሚጮሁትን ሰዎች ማየት ጀመረች። ሰዓት ይዞ የነበረው የጎረቤት ልጅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ሲል ፊቷን ወደ ትከሻዬ መለስኋት። ለእናንተ ጅዳ ላይ አምስት ደቂቃ ሲሞላ እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ሁለታችሁም እያያችሁ ልጁም በደኅና ይቆያል፤ ሙቀቱ ግን እኛ ያልነበረብን ነገር ስለ ሆነ የባሕር ዳርቻው ሰው እንዳሉት ጋሪውን ይዛችሁ የምትወጡት መጨረሻ ላይ ይሁን፣ የረጠበ ፎጣና ቀዝቃዛ ውሃም አይርሱ።